ስም ያልወጣላቸው ሁለት መቶ ፈረሶች

ኖርዝ ሆሊውድ የሚኖር ሰው የግድግዳ ሰዓት አያስፈልገውም። ልክ እኩለ ሌሊት ሲሆን ላንከርሺም ጎዳና ላይ አንድ መኪና ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ቀጥሎ ያጓራል፤ ከዚያ ሦስት አራቴ ተኩስ የሚመስል ነገር አሰምቶ ወደ በርባንክ በኩል ይጠፋል። ከአገር ቤት ገና የመጣ እንግዳ ይህን ሲሰማ ከመስኮቱ ዝቅ ይላል። የቆየነው ግን ትራሳችንን ገልብጠን፣ «ደግሞ የማን ማርሚታ ነው የተቀደደው?» ብለን እንተኛለን።

ተቀድዶ ቢሆን ምን ነበረበት! አዲስ አበባ ማርሚታው የተቀደደበት ሰው ሰፈሩ የሚገባው አንገቱን ደፍቶ ነው። በማግስቱ ጎረቤት ሳይነሳ ብየዳ ቤት ይደርሳል። እዚህ ልጆቹ ፋብሪካ የገጠመውን፣ ጤነኛውን፣ ትንፍሽ የማይለውን ማርሚታ አስፈትተው የተቀደደ የሚመስል አዲስ ይገዛሉ። ዋጋው የአንድ ወር የቤት ኪራይ እኩሌታ ነው። ገንዘብ ተከፍሎበት የሚመጣ ሁካታ እኔ የማውቀው የሠርግ ባንድ ብቻ ነበር።

ከነዚህ ልጆች አንዱ እኛው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። አበሻ ነው። አባቱን ጋሼ፣ እናቱን እትዬ እላቸዋለሁ፤ እሱን ሃያ ዓመትን ቢሻገርም ሁላችንም «ጎረምሳው» ነው የምንለው። ጋሼ በፕሪየስ ሰው ያመላልሳሉ፤ ኤርፖርት፣ ሳንታ ሞኒካ፣ ደግሞ ኤርፖርት። እትዬ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሌሊት ተራ ይሠራሉ። ጎረምሳው ቀን ይማራል፣ ማታ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይጭናል፣ ያገኘውን በሙሉ ደግሞ ለአንዲት አጭር ቀይ መኪና ያበላል።

መኪናዋ የ2013 ሳየን ኤፍአርኤስ ናት። ሳየን ቶዮታ ለወጣቶች ብሎ ያወጣው ስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሸጠውም እዚሁ ካሊፎርኒያ ነው። የነጋዴዎቹ ብልሃት እንዲህ ነው፤ ለልጁ መኪናውን ያለ ጌጥ ሽጥለት፣ ጌጡን ራሱ ይምረጥ፣ ያንንም አንተው ሽጥለት። በ2016 የሳየን ስም ተዘጋና መኪናዋ ቶዮታ 86 ተብላ ቀጠለች። ስለዚህ ጋሼ «ጃፓን ያህል አገር የሠራውን ለምን ታበላሻለህ?» ብለው ሲቆጡ፣ ጃፓኖቹ ራሳቸው «ና አበላሽ» ብለው እንደሸጡለት የሚነግራቸው የለም።

መጀመሪያ የተቀየረው ጎማው ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ጎረምሳው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ የተገጠመላት ሚሽሊን ፕራይመሲ፣ ለፕሪየስም የሚገጠም ጎማ ኖሯል! መሐንዲሶቹ ሆን ብለው ነው። ጎማው መሬቱን አጥብቆ እንዳይዝና መኪናዋ ብዙ ሳትበር ጭራዋን እንድትወረውር ፈልገው ነው። ነገሩ ይገባኛል፤ ሰው የመጀመሪያ መኪናውን ገዝቶ በአባቱ ጎማ አይሄድም።

ወሬው ግን እንደምንም ጋሼ ጆሮ ገባ። እሳቸው ፈጽሞ አልተቀየሙም። «አየህ አይደል? የኔ ጎማ የስፖርት መኪና ጎማ ነው» እያሉ ሰነበቱ።

ከጎማው ቀጥሎ ቸርኬው ተቀየረ። ከቸርኬው ቀጥሎ ሞላው ተቀየረና መኪናዋ ሆዷ አስፋልት ሊልስ ደረሰ። ከዚያ ማርሚታው፣ ከዚያ የሹፌሩ መቀመጫ። መቀመጫው አንድ ብቻ ነው፤ ገንዘቡ ለሁለት አልደረሰም። በመጨረሻ ከኋላ ክንፍ መጣ። እትዬ ክንፉን ሲያዩ «ልብስ ሊሰጣበት ነው?» ብለው ነበር፤ ነጠላቸው አንድ ቅዳሜ በእርግጥም እሱ ላይ ተሰጥቶ አይቻለሁ።

ክንፉ መኪናው ሲበር ነፋሱን ይዞ የኋላ ጎማዎቹን ወደ መሬት ይጫናል። ትክክል ነው፣ ይጫናል። ነገር ግን ለመጫን መብረር ያስፈልጋል። ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ 101 አውራ ጎዳና የገባ ሰው ደግሞ ክንፍ ቀርቶ ፕሮፔለር ቢገጥም ካሁዌንጋ ላይ ቆሞ ነው የሚመሽበት። አገራችን «ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» ይባላል። ሎስ አንጀለስ ፈረሱን በዱቤ ትሰጥህና ሜዳውን ትነሳሃለች።

ፈረስ ካነሳን አይቀር፣ እኛ በዚህ ልጅ ላይ የምንስቅበት አፍ ከየት እንደመጣ አላውቅም። አያቶቻችን ፈረስ ሲገዙ እንደተገዛ ይጋልቡት ነበር? ኮርቻው በከፋይ ይለበጣል፤ ግላሱ በወርቀ ዘቦ ይጠለፋል፤ ልጓሙና እርካቡ በብር ይጌጣል። የመኳንንቱ በቅሎ በአደባባይ ስታልፍ ቃጭሉ ከሩቅ ይሰማ ነበር፤ ዴሲቤል የሚለካ ፖሊስ አልነበረም እንጂ።

ጌጡ ሳያንስ ስምም ይወጣ ነበር። ባለቤቱም በፈረሱ ስም ይጠራል። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። ለአንድ ፈረስ ይህን ያህል ክብር ከተሰጠ ሁለት መቶ ፈረስ ያሰረ ሰው ምን ይባል? የኤፍአርኤስ ሞተር ጉልበት ልክ ሁለት መቶ ፈረስ ነው። ጎረምሳውን «ስሟ ማነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ኤፍአርኤስ» አለኝ። እሱማ የፋብሪካ ስም ነው። ያሳዝናል፤ ሁለት መቶ ፈረስ ያለ ስም ታስሮ ያድራል።

ደግሞ ያደገበት ሰፈር! እዚሁ ኖርዝ ሆሊውድ፣ ሪቨርሳይድ ድራይቭ ላይ የጆርጅ ባሪስ መሥሪያ ቤት ነበር። ባሪስ የግሪክ ስደተኞች ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ቺካጎ ተወልዶ፣ ወላጆቹን በልጅነቱ አጥቶ፣ ከወንድሙ ከሳም ጋር ሮዝቪል የምትባል የሰሜን ካሊፎርኒያ ከተማ ዘመድ ቤት አደገ። ልጆቹ ገና በጉርምስናቸው አንድ አሮጌ ቢዩክ እጃቸው ገባች። ቀጠቀጧት፣ ቀቧት፣ አሸበረቋትና በትርፍ ሸጧት። ያሳደጓቸው ዘመዶች ያን ጊዜ ምን እንዳሉ ለመገመት አበሻ መሆን ይበቃል።

ከዓመታት በኋላ የባትማን ቴሌቪዥን ድራማ ሊጀመር ሲል መኪና ተፈለገ፣ ጊዜ ግን አልነበረም። ባሪስ ዘንድ ሊንከን ፊውቱራ የምትባል አንዲት የቆመች መኪና ነበረች። ፎርድ በ1955 ለኤግዚቢሽን ብሎ ጣልያን አገር ጊያ ፋብሪካ ያሠራትና ኋላ የሰለቻት ናት፤ ለባሪስ የተለቀቀችለት በአንድ ዶላር ነው። በሦስት ሳምንት ገደማ ቀጥቅጦ፣ ክንፏን አሹሎ፣ ጥቁር ቀባትና በ1966 ባትሞቢል ሆና ወጣች። ያቺው የአንድ ዶላር መኪና በጥር 2013 አሪዞና ውስጥ በጨረታ 4.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች።

ጎረምሳው ይህን ታሪክ አባቱን ለማሳመን በየጊዜው ያነሳዋል። ጋሼ በትዕግሥት ይሰሙና ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የሚመልሱት። «ያቺ አንድ ዶላር ናት። ያንተዋ በወር ስንት ነው?»

በዚያው በሪቨርሳይድ ድራይቭ ትንሽ ወደ በርባንክ ስትሄዱ፣ በ1949 የተሠራው ቦብስ ቢግ ቦይ ምግብ ቤት አለ። ዓርብ ማታ ማታ ግቢው ባማሩ አሮጌ መኪኖች ይሞላል። ባለቤቶቹ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ከመኪናው ኋላ የሸራ ወንበር ዘርግተው የሚቀመጡ ሰዎች ናቸው። ጣሪያው ተቆርጦ ዝቅ ያለ መኪና አለ፤ ሞተሩ ከኮፈኑ በላይ የወጣ አለ፤ ማርሚታ ለስሙ እንኳ የሌለው አለ። ሲያስነሱት ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል፣ ተመልካቹም ያጨበጭባል። ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ሲያደርገው ቅርስ፣ ሃያ ሁለት የሞላው ሲያደርገው ዱርዬነት! ጎረምሳው ጥፋቱ አርባ ስምንት ዓመት መቅደሙ ነው።

እርግጥ ዱርዬውም አለ። መስቀለኛ መንገድ ዘግተው፣ ጎማ እያቃጠሉ፣ ክብ እየሠሩ የሚሽከረከሩትን ማለቴ ነው። በሐምሌ 2022 የተከፈተውን አዲሱን የስድስተኛው ጎዳና ድልድይ በዚያው ወር ደጋግመው ያዘጉት እነሱ ናቸው። እነሱን አልከላከልም። የኛው ልጅ ግን መኪናዋን ለብ ባለ ውኃ በጣቱ ጫፍ የሚያጥብ ሰው ነው፤ ጎማ አቃጥል ብትሉት የሚያለቅስ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ፤ ነገሩ እዚያ ነው የሚጣፍጠው። በሐምሌ 1943 ሎስ አንጀለስ በጭስ ታፍና፣ ሰዉ ጃፓኖች የመርዝ ጋዝ የለቀቁበት መስሎት ተሸብሮ ነበር። በኋላ ሀገን-ስሚት የሚባል የካልቴክ የኬሚስትሪ ሊቅ፣ ጠላት የተባለው እያንዳንዱ ሰው በር ላይ የቆመው መኪና መሆኑን አሳየ። በ1967 የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ ተቋቋመ። ዛሬ ከመኪና ጭስ ጋር የሚነካካ ማንኛውም ተጨማሪ ዕቃ ቦርዱ የሰጠው ቁጥር ከሌለው ለመንገድ አይፈቀድም። ልጆቹ ቁጥሩን «ኢኦ» ይሉታል። ትንሽ ወረቀት ላይ ታትሞ ኮፈኑ ሥር ይለጠፋል። ፖሊስ ሲያስቆማቸው አስቀድመው የሚያሳዩት መንጃ ፈቃዳቸውን ሳይሆን እሱን ነው። እትዬ አንድ ቀን ኮፈኑ ተከፍቶ አይተው፣ «ይሄ ምንድነው? ክታብ ነው?» አሉ። ጎረምሳው ክታብ ምን እንደሆነ ካስረዱት በኋላ «አዎ፣ እንደዚያ ነው» አለ።

ድምፁም የራሱ ልክ አለው፤ ለቤት መኪና 95 ዴሲቤል። የፊት ጎን መስታወትም ቢሆን ሰባ በመቶ ብርሃን ማሳለፍ አለበት። በየሁለት ዓመቱ ደግሞ የጭስ ምርመራ አለ። ያን ጊዜ ሕንፃችን ውስጥ የምሥጢር እንቅስቃሴ ይጀመራል። የፋብሪካው ጭስ ማውጫ ቱቦ ከነጭስ ማጣሪያው፣ ከነካታሊቲኩ፣ በእትዬ አሮጌ ጋቢ ተጠቅልሎ በረንዳው ላይ ከጤፉ ከረጢት ኋላ ነው የሚቀመጠው። ምርመራው ሲደርስ በሌሊት ይወጣና ይገጠማል፤ መኪናዋ ምርመራውን ታልፍና በማግስቱ ይፈታል። ተመልሶም ወደ ጋቢው።

ጋሼ ይህን ወንጀል ይሉታል። ነገር ግን እሳቸው ራሳቸው በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ዲኤክስ ኮሮላ ነበረቻቸው፤ ለቦሎ ስትቀርብ አራቱም ጎማዎቿ የጓደኛ፣ እሳት ማጥፊያው የጎረቤት፣ ትሪያንግሉ የማንም ነበር። ይህን ሲያስታውሷቸው «ያ መተባበር ነው» ይላሉ።

ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት ሌባ መጥቶ የጋሼን ፕሪየስ ካታሊቲክ ቆርጦ ወሰደ። ይህ ዕቃ ጭሱን የሚያጣራው ነው፤ ውስጡ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም አለበት። ከ2004 እስከ 2009 ለተሠሩት ፕሪየሶች ደግሞ ሌባ የተለየ ፍቅር አለው። ነዳጅ ሞተሩ ብዙውን ጊዜ ስለሚያርፍ ማዕድኑ እንደ ጤነኛ ነው የሚቆየው። ሁለት ደቂቃ፣ አንድ ክሪክ፣ አንድ የኤሌክትሪክ መጋዝ ይበቃል። ከ2023 ጀምሮ ማን ለማን መሸጥ እንደሚችል በሕግ ተወስኗል፤ ሌባው ግን ሕጉን ያነበበ አይመስልም። የመኪናው አላርም ጮኾ ነበር አሉ። ማን ሊወጣ? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

ጠዋት ጋሼ ለሥራ ሲወጡ ምንም አያውቁም። ፕሪየሷን ቆስቆስ አደረጓት፤ ነዳጅ ሞተሩ ሲነሳ ያቺ ትሁት፣ ያቺ እግረኛ እንኳ የማይሰማት መኪና የሚያጓራ አንበሳ ሆነች። ሕንፃው በሙሉ ተነሳ። ጎረምሳው በሸሚዝ ብቻ ደረጃውን እየዘለለ ወረደ፣ ዓይኑ በደስታ በርቷል።

«አባዬ! ማርሚታ ቀየርክ እንዴ?»

እንግዲህ ሒሳቡን አስሉት። ልጅየው ካታሊቲኩን ለማስወለቅ ይከፍላል፤ አባትየው የተወለቀውን ለማስመለስ ይከፍላሉ። ካሊፎርኒያ ውስጥ የሚተካው ዕቃም እንዲሁ ቦርዱ የፈቀደው መሆን አለበት፤ የተፈቀደው ደግሞ ውድ ነው፣ ተራ አለው። ጋሼ መኪናቸውን ጋራዥ አቁመው ዕቃ ይጠብቁ ጀመር። «ሶማሌ ተራ ቢሆን እኮ የራሴኑ መልሼ ገዝቼ በዚያው ቀን እገጥም ነበር» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። መርካቶ ሶማሌ ተራ ያደለው ሰው ትናንት የጠፋበትን ስፖኪዮ ዛሬ ተከራክሮ የሚገዛበት ቦታ ነው። አዲስ አበባ መኪና የገዛ ሰው ገና ሳይነዳት የታርጋ ቁጥሯን በየመስታወቱ የሚያስቀርጸው ለምን ሆነና!

ጋሼ ዕቃ እየጠበቁ እንቁጣጣሽ ደረሰ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ፌርፋክስ አካባቢ ዘመድ ቤት ተጠርተናል፤ ዶሮ ወጡን የሠሩት እትዬ ናቸው፤ ያለው መኪና የጎረምሳው ብቻ ነው።

ኤፍአርኤስ አራት መቀመጫ አላት ይባላል። የኋላውን ያሰበ ሰው ግን እግር ያለው ዘመድ ያልነበረው መሆን አለበት። ጋሼና እኔ ጉልበታችንን አገጫችን ላይ አድርገን ከኋላ ተሸጎጥን። እትዬ በሐበሻ ቀሚስ ከነነጠላቸው መውረድ ነበረባቸው፤ መኪና ውስጥ ተወጥቶ ነው የሚገባው ብለው ስለሚያውቁ ሁለት ጊዜ ሞክረው ተመለሱ። በመጨረሻ መጀመሪያ እሳቸው ተቀመጡ፣ ከዚያ እግራቸው ገባ፣ ከዚያ ቀሚሱ፣ ከዚያ ድስቱ ጭናቸው ላይ። ዐሥራ ሁለት እንቁላል ያለበት፣ ቅቤው ከላይ የተንጣለለ ድስት ነው።

መንገዳችን በሎረል ካንየን ነበር። የማታውቁት ካላችሁ፣ ከምንኖርበት ሸለቆ ተነስቶ ተራራውን እየተጠማዘዘ አቋርጦ ሰንሴት ጎዳና ላይ የሚጥል መንገድ ነው። ሞላው ድንጋይ ነው። መንገዱ ላይ ሳንቲም ብትወድቅ በየትኛው ገጿ እንደወደቀች ወገባችን ይነግረናል። ጋሼ «ቀስ!» አሉ። እትዬ «በስመ አብ!» አሉ። ጎረምሳው ግን ሬዲዮውን ዘግቶ፣ ወረቀት ኩባያ ውስጥ ውኃ ሞልቶ መያዣው ላይ አስቀመጠ።

ውኃው ምን እንደሚሠራ ስጠይቀው ሳያፍር ነገረኝ። ሹዊቺ ሺጌኖ የሚባል ጃፓናዊ በ1995 የጀመረው ኢኒሺያል ዲ የሚባል የሥዕል ታሪክ አለ። በታሪኩ ውስጥ አንድ ልጅ ለአባቱ ሱቅ ቶፉ በተራራ መንገድ ያመላልሳል፤ ቶፉው እንዳይፈርስ አባትየው አንድ ኩባያ ውኃ ሞልቶ ይሰጠዋል፤ ውኃው ሳይፈስ እንዲነዳ ነው። ልጁ በዚሁ ሳያስበው የተራራው አንደኛ ነጂ ሆነ። የሚነዳትም የ1980ዎቹ ቶዮታ፣ ኤኢ86 ናት። የጎረምሳው መኪና 86 የሚለውን ቁጥር የወረሰችው ከእሷ ነው። የሞተሯ የሲሊንደር ስፋት እንኳ 86 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑም ምት 86 ሚሊሜትር ነው።

እትዬ ይህን ሁሉ ሰምተው «ኩባያውን አንሳው፣ ድስቱ ይበቃሃል» አሉት።

እና ነዳ። እውነቱን ልናገር፤ ከዚያ ወዲህ ያን የመሰለ አነዳድ አላየሁም። ፍሬን ሲይዝ አይታወቅም፤ ጥምዝ ውስጥ ሲገባ ቅቤው ወደ ድስቱ ጠርዝ ቀረብ ይልና ሳይነካው ይመለሳል። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሲያጋጥም፣ ዝቅ ስላለች ሆዷን እንዳይፍቃት በሰያፍ አንድ በአንድ ጎማ ነው የሚወጣው። ከኋላችን የተሰለፈው መኪና በሙሉ ክላክስ ያደርጋል። ማርሚታችን ደግሞ ለዚህ ሁሉ ዝግታ ያጓራል። በሰዓት ሃያ ማይል እየሄድን የምናሰማውን ድምፅ የሰማ ሰው ሌማን ላይ የምንወዳደር ነው የሚመስለው።

ፌርፋክስና ዊልሸር መገናኛ ስንደርስ ጎረምሳው ራሱን ነቀነቀ፤ ሰላምታ ነው። እዚያ ጥግ ላይ የፒተርሰን የመኪና ሙዚየም አለ። በ1948 ሆት ሮድ የሚባለውን መጽሔት የጀመረው ሮበርት ፒተርሰን ነው በ1994 ያቋቋመው። ሕንፃው ድሮ ትልቅ የልብስ መደብር ነበር፤ በ2015 ከላዩ የማይዝግ ብረት ጥብጣብ አልብሰው ቀይ በቀይ አደረጉት። ፊት ለፊቱ ያለው የ1939 የሜይ ኩባንያ መደብርም ዛሬ የሲኒማ ሙዚየም ሆኖ ከኋላው ይህን የሚያህል ድቡልቡል ተቀጥሎበታል። በዚያ መስቀለኛ መንገድ ሕንፃው ሁሉ ዕቃ አስቀይሯል፤ ማርሚታ ብቻ ነው የቀራቸው። እኛ አበሾች ግን ለሽሮ ስንጣደፍ በሙዚየሙ በር እናልፋለን እንጂ ልጆቻችንን ይዘን የገባን ጥቂት ነን።

ከዚያ ትንሽ ወደ ደቡብ፣ ኦሎምፒክ ጎዳናን ሲሻገሩ፣ ከተማው በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመው ሰፈር ይጀምራል። ዘመዶቻችን ቤት ከዚያው ጀርባ ነው። ድምፃችንን ሰምተው ሰዎቹ ሁሉ በር ላይ ወጥተው ጠበቁን። ድስቱ መጀመሪያ ወረደ። እትዬ ክዳኑን ከፍተው አዩ፤ ጠርዙ ደረቅ ነው።

ሴቶቹ ድስቱን ተከትለው ገቡ። ወንዶቹ መኪናዋን ከበቡ። ሽማግሌዎች ናቸው፣ «ምን አገባን» ሊሉ ነው ብዬ ጠብቄ ነበር። አንዱ ኮፈኑን አስከፈተ። ሌላው ተንበርክኮ ቸርኬውን መታ መታ አደረገ። ጎረምሳው በተሰባበረ አማርኛው የዘር ሐረጓን ነገራቸው፤ ኤኢ86፣ የ1983 ኮሮላ። «ኮሮላ?» አሉ አንድ ድምፅ ሆነው። ከዚያ በኋላ ማን ያስቆማቸዋል! የአንዱ ዲኤክስ ደብረ ብርሃንን በስንት ሰዓት እንደገባች፣ የሌላው በአባይ በረሃ ፍሬን እምቢ ብሏት በማርሽ ብቻ እንዴት እንደወረደች፣ የሦስተኛው በቴፗ ብቻ ስንት ልጃገረድ እንዳስጠበቀች። ከአዲስ አበባ በቅርቡ የተመለሰው ደግሞ አሁን ነገሩ እንደተለወጠ አወራ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ አዲሱ ሁሉ ኤሌክትሪክ ነው፤ ከኋላህ መጥቶ ድመት ያህል እንኳ አይሰማም። «የኛ ሰፈር ጎረምሶች ግራ ገብቷቸዋል» አለ፤ «ማርሚታ የሌለውን ምኑን ያጮኹታል?»

ጋሼ እስካሁን ዝም ብለው ነበር። አንዱ ዘመድ፣ «ይሄ ማርሚታ ጥሩ ነው፣ ስንት ፈጀ?» ሲል ግን ቀደሙት። ዋጋውን እስከ ሳንቲሙ ያውቁታል! ሞላው የየት አገር እንደሆነ፣ ቸርኬው ስንት ኪሎ እንደሚቀል፣ ክንፉ ለምን እንደሚያስፈልግ በዝርዝር አስረዱ። ልጃቸው በዚያ ሁሉ ዓመት ያስረዳቸውን አንድም ሳያስቀሩ ይዘውታል። «ሲያጌጡ ይመላለጡ» ብለው ስንቴ የተረቱት ጋሼ ራሳቸው ሻጭ ሆነው አረፉት።

ስሙንም ያወጡት እዚያው ነው። አንዱ «አባ ነጎድጓድ» አለ፤ ሌላው በሌሊቱ ተኩስ «አባ ቶክስ» ይባል አለ። ከውስጥ እትዬ ጭልፋ ይዘው ብቅ አሉና፣ «አባ አይደፋ ነው» ብለው ተመለሱ። ከዚያ በላይ ማንም አልተከራከረም።

የፕሪየሷ ዕቃ የመጣው ከእንቁጣጣሽ በኋላ ነው። ጋሼ መኪናቸውን ባስመጡበት ማታ ስልክ ደወሉልኝ። «እስቲ ብቅ በል፣ የማሳይህ ነገር አለ።» ስወርድ መኪናዋ በክሪክ ተነስታ፣ እሳቸው ከሥሯ ካርቶን አንጥፈው ተኝተው፣ የስልካቸውን መብራት ወደ ላይ አብርተዋል። ካታሊቲኩን ሌባ እንዳይደርስበት ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን የአልሙኒየም ጋሻ አስገጥመዋል። «ና ዝቅ በል፣ እይማ» አሉኝ። ዝቅ አልሁ። ቡሎኖቹ በተራ ቁልፍ እንደማይፈቱ፣ አልሙኒየሙ እንደማይዝግ፣ ከሦስት ዓይነት መርጠው ይህን እንደወሰዱ፣ አየሩ የሚያልፍበት ቀዳዳ እንዴት እንደተሠራ አንድ በአንድ በጣታቸው እያሳዩ ነገሩኝ። ድምፃቸውን የት እንደማውቀው ለማስታወስ ጊዜ አልወሰደብኝም።

ጎረምሳው ከሥራ ሲመለስ አገኘን። ቦርሳውን አስቀምጦ፣ በሆዱ ተኝቶ፣ ብዙ አየው። ጋሻውን በጣቱ አንኳኳ። ቡሎኖቹን ቆጠረ።

«ቆንጆ ነው፣ አባዬ» አለ። ከዚያ ፊቱ ኮስተር አለ። «ኢኦ ቁጥር አለው?»

ጋሼ ከመኪናው ሥር ትንሽ ዝም አሉ።

«የተኛሁበት ካርቶን የእሱ ነው» አሉ። «አንድ ጎኔን ላንሳልህና አንብበው።»